ቦዝ አንቀጽና የእንግሊዝኛዋ ነጠላ ሰረዝ

በእንግሊዝኛ ሥርዓተ ነጥብ ልምምዳችን ደስ የሚል ለውጥ አለ፤ ነጥብና ትልቅ ፊደል አሁን ብዙ አያሳስቱም። «የት እንደሚኖር ጠየቅኩት» ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር በነጥብ እንጂ በጥያቄ ምልክት እንደማይዘጋ ካወቃችሁ ይበቃል። አፖስትሮፍም ቀላል ነው፦ «ኢትስ»ን «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ብላችሁ ዘርዝሩት። ትርጉም ከሰጠ ምልክቱ ይገባል፣ ካልሰጠ አይገባም።

አልላቀቅ ያለው ነጠላ ሰረዝ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ግድየለሽነት ሳይሆን አማርኛችን ነው። «ሥራውን ጨርሶ፣ ወደ ቤቱ ሄደ» ስንል «ጨርሶ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብቻውን አይቆምም፣ ማሰሪያው «ሄደ» ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስናዞረው ግን «ሂ ፊኒሽድ ሂዝ ዎርክ, ሂ ዌንት ሆም» እንላለን። «ፊኒሽድ» ራሱ ማሰሪያ ስለሆነ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

መፈተኛው፦ ሰረዟን በጣት ሸፍናችሁ ግራና ቀኙን ለየብቻ አንብቡ። ሁለቱም በነጥብ መቆም ከቻሉ ሰረዟ ብቻዋን አትችላቸውም። ያኔ በነጥብ ለዩአቸው፤ ወይም ከሰረዟ ቀጥሎ «ኤንድ»፣ «በት» ወይም «ሶ» ጨምሩ፤ ወይም የመጀመሪያውን ጥገኛ አድርጉት፦ «አፍተር ሂ ፊኒሽድ ሂዝ ዎርክ, ሂ ዌንት ሆም»። ለቦዝ አንቀጽ በጣም የሚቀርበው «ሃቪንግ ፊኒሽድ ሂዝ ዎርክ, ሂ ዌንት ሆም» ነው፤ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን ባለ«አፍተር»ኛው ይሻላል፣ ሲነበብ አይከብድም።

ጥገኛው ሐረግ ከፊት ሲመጣ ነው ሰረዝ የሚከተለው። «ቢኮዝ» ከኋላ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሰረዝ አያስፈልገውም። በአማርኛ «ስለዘነበ» አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀድም ይህን ጆሯችን አይነግረንም።

ከሁሉም የከፋው «ሃውኤቨር» ነው። መዝገበ ቃላት እሱንም «በት»ንም «ነገር ግን» ብሎ ስለሚፈታቸው አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። «በት» ያያይዛል፣ «ሃውኤቨር» አያያይዝም። ስለዚህ በሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ሲገባ ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላው ነጠላ ሰረዝ ይፈልጋል፦ «ኢት ሬይንድ; ሃውኤቨር, ዊ ዌንት.»

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ድርብ ሰረዙን አናበዛውም፤ ነጥብ ይበልጥብናል። የጥቅስ ምልክት ላይም የአሜሪካኖቹ ልማድ ሰረዝና ነጥብን ከውስጥ፣ የእንግሊዞቹ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ያደርጋል፤ አንዱን ይዞ መጽናት ነው።

ጽሑፉን ከመላካችሁ በፊት በኮምፒዩተሩ መፈለጊያ «ሃውኤቨር»፣ «ዜርፎር» እና «ዜን»ን እየፈለጋችሁ የእያንዳንዳቸውን ግራ ጎን እዩ።