«ቼንጅ» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደለመድኳት

ትምህርት ቤት ሳለን «ቼንጅ» ማለት «ለውጥ» ነው ብለን ሸምድደናል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጥቼ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ እስክቀጠር ድረስ ይኸው በቅቶኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንበኛ 5.99 ዶላር የተጻፈበት ባትሪ ይዞ መጣ። እዚህ የሽያጭ ታክስ የሚጨመረው ሒሳብ ሲከፈል ነው። 6 በመቶው ሲደመር 6.35 ሆነ። ሰውየው 20 ዶላር ሰጠኝ። ማሽኑ ላይ መታሁት፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ መልሱ 13.65 ነው። ይሄኔ ሰውየው «አይ ሃቭ ቼንጅ» አለና ሁለት ሳንቲሞች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። መልስ የሰጠሁት መስሎት ይሆን? ሳንቲሞቹን ወደ እሱ ገፋኋቸው። እሱም መልሶ ወደ እኔ ገፋቸው። ወረፋው ረዘመ። ላብ አጠመቀኝ።

እዚያው ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው ሐበሻ ደረሱልኝ። ሳንቲሞቹን ወደ መሳቢያው ከተቱና 14 ዶላር ሰጥተው ሸኙት። «ልጄ፣ ዝርዝር አለኝ ነው እኮ ያለሽ» አሉኝ። 35 ሳንቲም የጨመረው ድፍን 14 ዶላር እንድመልስለት ነበር።

ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «መልስ ስጠኝ» እንለዋለን። መቶ ብር ስናወጣ ደግሞ እሱ «ዝርዝር የለሽም?» ይለናል። መልስና ዝርዝር ተምታተውብን አያውቁም። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። ቃሉን ብቻውን አልጻፍም። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ማን እንዳለው፣ እጁ ላይ ምን እንደያዘ፣ እኔ በዚያ ቦታ ብሆን በአማርኛ ምን እንደምል እጽፋለሁ። «ኪፕ ዘ ቼንጅ» የሚለው ሒሳብ ከፍሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ «መልሱን ያዢው» ማለቱ ነው። «ቼንጅ ፎር ኤ ትዌንቲ» የሚለኝ ሃያ ዶላር እንድዘረዝርለት ነው።

ገጾቹ ሲበዙ አንድ ነገር አየሁ። ቃሉ ሳንቲም ሲሆን ከፊቱ «ኤ» አይገባም፣ ብዙ ቁጥርም አይሆንም። «ኤ ቼንጅ» ወይም «ቼንጅስ» ከሰማሁ የሚወራው ስለ ገንዘብ አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ደብተሩ ነው ያሳየኝ። ስለዚህም በጣም እወደዋለሁ።

ሳንቲሞቹም ራሳቸው ጊዜ ወስደውብኛል። ኳርተር የኛው ስሙኒ ስለሆነ አላስቸገረኝም። ዳይም ግን ከሁሉም ትንሿ ሆና 10 ሳንቲም ናት፤ ከእሷ የሚበልጠው ኒክል 5 ብቻ ነው። ዳይም ላይ ደግሞ 10 የሚል ቁጥር የለም፣ «ዋን ዳይም» ብቻ ነው የተጻፈባት። እስከ 1964 ድረስ ከብር ማዕድን ትሠራ ስለነበር ነው ያነሰችው። ጋሼ መልስ አሰጣጥ ያስተማሩኝ በመቀነስ ሳይሆን ወደ ላይ በመቁጠር ነው። ከ6.35 ተነስተሽ ኒክል ስትጨምሪ 6.40፣ ዳይም 6.50፣ ሁለት ኳርተር 7፣ ሦስት ዶላር 10፣ አንድ አሥር ዶላር 20። ዛሬም እንዲሁ ነው የምቆጥረው።

በጣም ያመመኝ ስህተት ግን ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። ልጄ መዋያ ሲገባ «ኤ ቼንጅ ኦፍ ክሎዝስ» ላኪ የሚል ወረቀት መጣልኝ። የትናንቱን ልብስ ቀይሬ ንጹሕ አልብሼ ላክሁት። በዚያው ቀን ውሃ ተደፍቶበት ሰፋ ባለ የሰው ሱሪ ጠበቀኝ። ወገቡን በእጁ ይዞ ነበር የቆመው። ለካ የጠየቁኝ ቅያሪ ልብስ ነው! ቅያሪ የምትለውን የራሴን ቃል ባስታውሳት ኖሮ ወረቀቱ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ማታውኑ ሱሪ፣ ካናቴራና ካልሲ በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩ። ደብተሬም ላይ በትልቁ ጻፍኳት።

ባለፈው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ቡና ብቻ የሚገዛኝ ሽማግሌ «ቲ፣ ፎር ኤ ቼንጅ» አለኝ። «ኤ» የምትለዋን ሰማኋት። ዛሬ እንኳ ሻይ ልጠጣ ማለቱ ነው። ቀዳሁለት። ሦስት ዶላር አስቀምጦ ወደ በሩ ሲያመራ ዞር አለና «ኪፕ ዘ ቼንጅ» አለኝ።