የጋዝላይቱ ሰውዬ

ዛሬ ለንደን ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ሳገላብጥ አንዲት ያገሬ ልጅ ከጎኔ ቆማ በስልክ "ጋዝላይት እያደረገኝ ነው እኮ!" እያለች ታማርራለች፤ የገዛ አእምሮዬን እስክጠራጠር ያታልለኛል ማለቷ ነው። እጄ ላይ የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፓትሪክ ሃሚልተን! ቃሉ የወጣበትን ተውኔት በ1938 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሰውዬ። ልቦለዱ "የብቸኝነት ባሪያዎች" ይባላል፣ የ1947 ነው። ከቤተ መጻሕፍት የተወገደ ኮፒ፤ የመጨረሻው የውሰት ማኅተም እኔ ሳልወለድ የተመታ።

ባቡር ላይ ጀምሬው መውረጃዬ አለፈኝ። ሚስ ሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከለንደን ቦምብ ሸሽታ አንድ አዳሪ ቤት ትገባለች፣ እዚያ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በየገበታው በአሽሙር ይወጋታል፤ "ጓደኞችሽ ሩሲያኖቹ እንዴት ናቸው" ዓይነት ነገር። ዱላ የለ፣ ደም የለ። ግን ማንኪያ ባነሳች ቁጥር እኔ ተሳቀቅኩላት።

ቃሉን ሁላችንም እንጠራዋለን፣ ሰውዬውን የሚያውቀው ስንት ነው? ልጅቷን ተከትዬ ሄጄ መጽሐፉን ላሳያት አስቤ ነበር። እብድ ነው ብላ ብትሮጥስ ብዬ ተውኩት።