ለጣና ጀልባ የኤሌክትሪክ ሞተር፦ መጀመሪያ ባትሪው

ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ ቀድሞ የሚነገራችሁ የፓውንድ ቁጥር ነው፤ 30፣ 46፣ 55። ቁጥሩ የሞተሩን የመግፋት አቅም እንጂ የጀልባዋን ፍጥነት አይናገርም። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ባለ 30ውም ባለ 55ቱም ትንሽ ጀልባን የሚወስዱት ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ቸኩሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም። ልዩነታቸው የሚለየው ጭነት ሲከብድና ነፋስ ሲነሳ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለ100 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት 5 ፓውንድ ግፊት ያዙ። ጎርጎራ ላይ የምትሠራ የ4 ሜትር የእንጨት ጀልባ 150 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ሁለት ሰው 140፣ ባትሪ 28፣ መረብና ዓሳ 80፤ 400 ኪሎ ገደማ መጣ። ለረጋ ውሃ 20 ፓውንድ በቂ ነው ማለት ነው። ጣና ግን ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ከሰዓት በኋላ ማዕበል የሚያነሳ ሐይቅ ነውና ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት። ከ45 እስከ 55 ፓውንድ ያለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ለእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ስትወጡ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 24 ቮልት ይሄድና ሁለት ባትሪ ይጠይቃችኋል፤ ለትንሽ ጀልባ ክብደቱም ወጪውም ከንቱ ነው።

ዋናው ጉዳይ ባትሪው ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ለአንድ ፓውንድ ወደ አንድ አምፔር ይጠጋል፤ ባለ 55ቱ 50 አምፔር ይስባል። የባትሪ አቅም በአምፔር ሰዓት ይለካል፤ ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ማለት ነው። 100 አምፔር ሰዓት ያለውን የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይበላል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 50 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። በሙሉ ኃይል የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ያውም ደርሶ መልሱን ጨምሮ! ፍጥነቱን በሲሶ ስትቀንሱ ግን ፍጆታው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዓሳ አጥማጅ ቀስ ብሎ መሄዱ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ነው። ስትሄዱ መጠቀም ከምትችሉት ሲሶውን ብቻ አውጡ፤ የቀረው ለመመለሻና ለነፋስ ነው።

የመኪና ባትሪ አትግዙ። ርካሽ ነው፣ ጎንደር ከተማ ውስጥም በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። ቀጫጭን ሳህኖቹ በየቀኑ እስከ ግማሽ ሲራገፉ በጥቂት ወራት ይሞታሉ። ለሶላር የሚሸጠው፣ ደጋግሞ በጥልቀት እንዲራገፍ የተሠራው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ዓይነት ይሻላል። አቅሙ ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ይግዛ፤ 100 አምፔር ሰዓቱ 12 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን የሊድ አሲዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ ከአቅሙም 80 በመቶውን ያለ ሥጋት ይሰጣል። ቻርጀሩ ግን ለሊቲየም የተሠራ መሆን አለበት።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ 200 ዋት የሶላር ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን የወጣውን 50 አምፔር ሰዓት ይመልሳል። ሊድ አሲድ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ኩራዝ ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል አታስገቡት። ውሃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ወይም የሐይቅ ውሃ አይጨመርም። ባትሪው አርፎ ስትለኩት 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ።

ብዙ ሰው ጥሩ ሞተር ገዝቶ በቀጭን ሽቦ ያበላሸዋል። ባትሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሞተሩ ከኋላ ሲሆን መሄጃና መመለሻው 6 ሜትር ይደርሳል። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 50 አምፔር ሲያልፍ ከ12ቱ ቮልት አንድ ከሩብ ያህሉ ሽቦው ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ሽቦው ይግላል። 16 ካሬ ሲሆን ኪሳራው ወደ ሲሶ ቮልት ይወርዳል። ለባለ 55ቱ፣ አምፔር ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ የ60 አምፔር ብሬከር ከባትሪው አጠገብ ግጠሙ፤ ሽቦውን ከባትሪው የሚያያይዘውን ሞርሴቶም አጥብቁ።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አምስት ማርሹ በዝቅተኛ ፍጥነት ኃይሉን በሙቀት ያባክናል። ያለ ማርሽ የሚስተካከለው ኃይሉን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ባትሪን በእጅጉ ይቆጥባል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን በባትሪው ይመለሳል።

የዘንጉን ርዝመት ለመምረጥ ጀልባዋን ጭናችሁ ከኋላዋ ግድግዳ አናት እስከ ውሃው ለኩና 50 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ዘንጉ ካጠረ ማዕበል ሲያነሳው ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ይጮኻል እንጂ አይገፋም።

ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ይገጠም ይሆን ወይ ለሚል፦ አይሆንም። ማሰሪያው የሚነክሰው ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፤ ደንገል ተጨፍልቆ ይላቀቃል።

ቤንዚን ሞተር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጣና ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪኩ አያጣም። ይህን የሚያነሳ ሻጭ እምብዛም የለም።

እምቦጭ ግን ሁለቱንም እኩል ያስለቅሳል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም አምፔሩ ይዘላል፣ ብሬከሩ ይወድቃል። ጉልበት ጨምሮ ለመበጠስ መሞከር ሞተሩን ያቃጥላል። ወዲያው አጥፉ፤ ወደ ኋላ ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት፣ ካልለቀቀ አንሱትና በእጅ አጽዱ። አረሙ በበዛበት፣ በተለይ በመገጭ ወንዝ አፍ በኩል፣ ሞተሩን አንስቶ በመቅዘፊያ ማለፍ ይሻላል። ከዚያ ስትወጡ ቁራጩን ከፕሮፔለሩና ከጀልባዋ ሆድ አራግፉ፤ ከቁራጭ ስለሚበቅል ንጹሕ ወደሆነው ዳር ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ከአረሙ ይልቅ ተንኮለኛው የመረብ ክር ነው። አይታይም፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ውሃ የሚያግደውን ጎማ ይቆርጣል፣ ውሃም ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ ዳዶውን ፈታችሁ ፕሮፔለሩን አውጡ፣ ክሩን ነቅላችሁ መልሱት። ፕሮፔለሩን የምትይዘው ትንሽ ፒን ድንጋይ ሲመታ ሞተሩን ለማዳን የምትሰበረው እሷ ናትና፣ ሁለት ትርፍ ፒንና ዳዶውን የሚፈታ ቁልፍ ጀልባዋ ውስጥ ይቀመጡ፤ በምስማር መተካት አይገባም፣ ምስማሩ ሳይሰበር ዘንጉ ይጣመማል።