ኪሪኩን ለሰፈር ልጆች እንዴት አሳየሁ፣ ምንስ አበላሸሁ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጠው ሲውሉ አላስችል አለኝ። በጣም የምወደውን ፊልም በአማርኛ እየተረክኩ ላሳያቸው ወሰንኩ። አሳየኋቸውም። ግን አንዱን ነገር ክፉኛ አበላሸሁት። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር። ስለዚህ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ፊልሙ «ኪሪኩ እና ጠንቋይዋ» ይባላል። በእጅ የተሳለ አኒሜሽን ነው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ኦስሎ ልጅነቱን ያሳለፈው ጊኒ ውስጥ ነው። ታሪኩን ያገኘው ከምዕራብ አፍሪካ ተረት ነው። ድምፁን ዳካር ላይ የሴኔጋል ተዋንያን ቀረጹት፤ ሙዚቃው የሴኔጋላዊው ዘፋኝ የዩሱ ንዱር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አኔሲ በሚባለው የፈረንሳይ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። እኛ ሰፈር ግን ስሙን የሰማ አንድ ሰው አላገኘሁም። የአሜሪካኖቹን ካርቱን ዘፈን በቃሉ የሚወጣ ልጅ ግን በየቤቱ አለ። ይሄ ያናድደኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእናት ሆድ ውስጥ በሚሰማ ድምፅ ነው። ልጁ «ውለጂኝ» ይላል። እናቱም ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ልጅ ራሱን ይውለድ ትለዋለች። ወጥቶ እትብቱን ራሱ ይቆርጣል፤ ስሙንም ራሱ ይናገራል። እናቴ ይሄን ስታይ አልገረማትም። «አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ተናግረው የለ» አለችኝ።

ዲቪዲውን የአክስቴ ልጅ ከፓሪስ አመጣችልኝ። ፕሮጀክተርና ስፒከር ተከራየሁ። ለስክሪን የሰቀልኩትን አንሶላ አልተኮስኩም፤ እናንተ ተኩሱት፣ ጭምድዱ ፊት ላይ ይታያል።

ትርጉሙን ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የማውቃቸው ሰዎች ለየገጸ ባሕሪው ድምፅ የሚሰጡ አራት አምስት ሰዎች ፈልጊ አሉኝ። አልሰማኋቸውም፣ እናንተም አትስሙ። ተረት በአንድ ሰው አፍ ነው የሚያምረው። «ተረት ተረት» ስትሉ ልጆቹ «የላም በረት» ካሉ ግማሹ ሥራ አልቋል። የዳካሮቹን ድምፅ ዝቅ አድርጉት እንጂ አታጥፉት። ልጆቹ «ኪሪኩ ትንሽ ነው፣ ግን ጀግና ነው» የሚለውን የፊልሙን ዘፈን በፈረንሳይኛም ቢሆን አብረው ማንጎራጎር ይፈልጋሉ።

አሁን ወደተበላሸው ነገር።

ክረምት ስለሆነ መብራት ይጠፋል ብዬ ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ ፈለግኩ። አንድ የወጣቶች ማዕከል ነበር። ደብዳቤ አምጪ አሉኝ፤ ሁለት ሳምንት ተመላልሼ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አመጣሁ። ከዚያ ኃላፊው ፊልሙን አስቀድሜ ልየው አለ። አሥር ደቂቃ እንኳን ሳያይ አስቆመኝ። «እህቴ፣ ይሄማ እንዴት ለልጅ ይታያል? ሴቶቹ ደረታቸው ባዶ ነው። ወላጅ ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ?»

ኪሪኩ ራሱ ፊልሙን ሙሉ ማለት ይቻላል ራቁቱን ነው። እሱ ሕፃን ነው ተብሎ ታለፈ። የእናቱ ደረት ግን ነውር ሆነ። በዚህች ከተማ እናት ታክሲ ውስጥ ጡቷን አውጥታ ታጠባለች፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ይሄን ልለው ይገባ ነበር። አላልኩም። ደብዳቤው ያለቀ፣ ልጆቹ የተጠሩ ስለሆነ «እሺ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ኦስሎም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። ሴቶቹን አልብሳቸው ቢሉት እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት ፊልሙ አሜሪካና እንግሊዝ ለመድረስ ዘገየ። እሱ ገበያ አጥቶ ያላደረገውን እኔ ለአንድ አዳራሽ ቁልፍ ብዬ አደረግኩት። ያውም እያወቅኩ።

ኤዲቲንግ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ብዥ አደረገው፤ ግማሹ ስክሪን ጭጋግ ሆነ። ከዚያ መቁረጥ ጀመርን። ፊልሙ ራሱ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም፣ እኛ ሃያ ደቂቃ ያህል አወጣን። ጡት የወጣ መስሎን እናትየዋ ወጣች።

ቅዳሜ አርባ የሚሆኑ ልጆች መጡ። ደብተሬ የተጻፈው ለሙሉው ፊልም ስለነበር መስመሩ ጠፋብኝ፤ ኪሪኩ የሚለውን አጎቱ ሲናገር እየሰጠሁት ተደነቃቀፍኩ። ይሄስ ይለፍ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ አለቀ። ጠንቋይዋ ካራባ ምንጩን አድርቃዋለች ተብሎ ይታመናል። በእርግጥ ግን ውሃውን የሚጠጣ አውሬ ምንጩ ውስጥ አብጦ ተቀምጧል። ኪሪኩ በጋለ ብረት ይወጋዋል፣ ውሃው ይፈነዳል፣ ልጁን ይዞት ይሄዳል። እናቱ ታቅፋው መንደሩ ያለቅሳል። ከዚያ ዓይኑን ይገልጣል። እኛ ጋ ውሃው ፈነዳ፣ ወዲያው ኪሪኩ ቆሞ ይሄዳል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ ዞራ «እናቱስ? እናቱ አላየችውም?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከኋላ ያሉት መረበሽ ጀመሩ፤ ጥቂቶቹ ተነስተው ወጡ። ኃላፊው ሲያበቃ አመሰገነኝ። ያ ምስጋና አሁንም ያመኛል።

በሳምንቱ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሙሉውን አሳየሁ። ደብዳቤ የለ፣ ማህተም የለ። ወላጆችን በር በር እየሄድኩ እንዲህ ያለ ፊልም ነው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን አልሸፈኑም አልኳቸው። አንድ እናት ብቻ ልጇን ከለከለች፤ መብቷ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ከወላጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ልብሱ አንድም ልጅ አልጠየቀም።

ልጆቹ ይዘው የሄዱት ሌላ ነገር ነው። ኪሪኩ አያቱ ጋ ሄዶ ክታብ ይለምናል። አያቱ ይከለክለዋል፤ ክታብ የሌለህ መሆኑ ነው ብርታትህ ይለዋል። ክታብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ እናቴ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ከዚያ ያ ሁሉን የሚያሸንፍ ልጅ ብቻዬን መታገል ደከመኝ፣ አንዳንዴም እፈራለሁ ብሎ አያቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ምንም ሳይናገር ተነስቶ እናቴ ጭን ላይ ወጣ። ካራባ ክፉ የሆነችው ወንዶች ጀርባዋ ላይ በተከሉት መርዛማ እሾህ መሆኑ ሲነገር ደግሞ እናቴ «አይ ልጄን» አለች፤ ለጠንቋይዋ። ኪሪኩ እሾሁን በጥርሱ ሲነቅል ክፍሉ ጸጥ አለ።

እዚህ ቦታ ላይ አትተርኩ። እኔ ዝም ብዬ ነበር፤ ያደረግኩት ትልቁ ትክክል ነገር እሱ ነው። ፊልሙንም እያቆማችሁ አታስረዱ። ጥያቄ ካለ ሻይ ላይ ይመጣል።

አዳራሹ ከመጡት አርባ ልጆች ቤቴ የገቡት ዘጠኝ ናቸው። ያቺ «እናቱስ?» ያለችኝ ልጅ አልመጣችም። በመንገድ ስንገናኝ ገና ሰላም ስትለኝ ኪሪኩ ብላ ትጠራኛለች። የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነች እየጠየቅኩ ነው።