ለትንሽ ሊኑክስ የትኛው ቡት ይሻላል?

ሰሞኑን 16 ጊጋ ስቶሬጅ ብቻ ያላት ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ስጭን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ በምን ቡት ላድርጋት፣ ማለትም ስትከፈት ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም (ቡትሎደር) የቱ ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ሰው ኢንስታለሩ የሰጠውን ግራብ የሚባል ቡትሎደር ተቀብሎ ያልፋል፣ ግራብ ደሞ ጥሩ ነው፣ ከዊንዶውስ ጋር አብራችሁ ምትጭኑ ከሆነ በሱ ሂዱ። እኔ ግን አንድ ዲስክ፣ አንድ ሲስተም፣ አንድ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ነው ያለኝ፣ ያ ሁሉ ስክሪፕትና ሞጁል ምን ይሰራልኛል?

መጀመሪያ የማሽኑ ፈርምዌር (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ውስጡ ያለ ሶፍትዌር) አሮጌው ባዮስ ይሁን አዲሱ ዩኢኤፍአይ እዩ። አሮጌ ባዮስ ከሆነ ግራብ ወይ ኤክስትሊኑክስ የሚባለውን ቡትሎደር ጫኑና ጨርሱ።

የኔዋ ዩኢኤፍአይ ስለሆነች መጀመሪያ ያለ ምንም ቡትሎደር ሞከርኩ። ከርነሉ ከ3.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ ራሱ እንደ ኢኤፍአይ ፕሮግራም መነሳት ይችላል፣ ለፈርምዌሩ ከርነሉ ያለበትን ቦታና የሩት ፓርቲሽኑን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ዩዩአይዲ፣ ማለትም መለያ ቁጥር፣ አንዴ ትነግሩታላችሁ በቃ። ደስ ሲል! ግን ከሳምንት በኋላ ስከፍታት ጥቁር ስክሪን፣ የሚነሳ ዲስክ የለም ትላለች። ዲስኩ ምንም አልሆነም፣ ፈርምዌሩ ነው የመዘገብኩለትን የረሳው። እንደዚህ የሚረሱ ማሽኖች አሉ፣ የሚያውቁት ኢኤፍአይ ፎልደር ውስጥ ቡት በሚለው ስር ያለውን የተለመደ ፋይል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሲስተምዲ ቡት ወደሚባለው ቀለል ያለ ቡትሎደር ዞርኩ። ቡትሲቲኤል ኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ የራሱን አንድ ኮፒ እዛው የተለመደው ቦታ ላይ ያስቀምጥላችኋል፣ ፈርምዌሩ ቢረሳም ፈልጎ ያገኘዋል። ኮንፊጉ ደሞ አራት መስመር ነው፣ ታይትል፣ ሊኑክስ፣ ኢኒትአርዲ፣ ኦፕሽንስ፣ ሲበላሽ በማንኛውም ቴክስት ኤዲተር ይስተካከላል፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ሲስተምዲ ቡት ኤክስት4ን (የተለመደውን የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ራሱ አያነብም፣ ከርነሉና ኢኒትራምኤፍኤሱ (ኮንፊጉ ላይ ኢኒትአርዲ የተባለው፣ ከርነሉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀምበት ፋይል) ፋት32 በሆነው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ መቀመጥ አለባቸው። 100 ሜጋ ብቻ ከሰጣችሁት አፕዴት ስታደርጉ ሞልቶ መሀል ላይ ያቆማል፣ ከ16 ጊጋ ላይ መቀነሱ ቢያሳዝንም እኔ 512 ሜጋ ሰጠሁት። ታይምአውቱን (የቡት ሜኑው የሚጠብቅበትን ሰከንድ) ዜሮ አድርጌዋለሁ፣ ሜኑው ሲያስፈልገኝ ስትነሳ ስፔስ ተጭኜ እይዛለሁ።