«እናንተን ምን አደረጋችሁ?»

በሰው ሀብት ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ብዙ የስንብት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አብዛኞቹን ዛሬ አምጥተው ቢሰጡኝ ደግሜ እፈርማለሁ። አንዱን ግን አልፈርምም።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ እሠራ ነበር። ሠራተኞቻችን በብዛት የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ነበር። ቤት ኪራይ ሲወደድ ሰው ወደ ዳር ይገፋል። እኔም ራሴ ቱሉ ዲምቱ ነበር የምኖረው።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት አንድ ቪዲዮ ከሰባት ሰው ተልኮልኛል። ርዝመቱ 38 ሰከንድ ነው። የቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ዝናብ ያካፋል። አንድ ወጣት ከተራ አስከባሪው ጋር ይጨቃጨቃል። ተራ አስከባሪው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። «ወንድሜ፣ ወደ መስመርህ» ይሉታል። ልጁ በጥፊ ይመታቸዋል። ኮፍያቸው ጭቃ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ልጁ ዞር ሲል ጀርባው ይታያል። ጀርባው ላይ የፋብሪካችን ስም በትልቁ ተጽፏል።

ጃኬቱ የኛ ነው። ልጁም የኛ ነው። የመቁረጫ ማሽን ኦፕሬተር፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ በፋይሉ የሌለበት።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ቪዲዮው ተቆርጦ ነው» ይባላል። ይሄኛው አልተቆረጠም። ልጁ አጥፍቷል። አልጠጣም፣ ማንም አልነካውም። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፎ ትዕግሥቱ አለቀና ተራ ዘለለ፤ ሲከለከል ደግሞ አባቱ የሚሆኑ ሰው ላይ እጁን አነሳ። ይሄን ማንም እንዲያቃልልልኝ አልፈልግም። ቪዲዮውን ሳይ እኔም ደሜ ፈልቷል።

ጃኬቱን ግን ላስረዳ። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጃኬት ይሰጣል፤ ወፍራም ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ለብዙዎቹ ሠራተኞች በቤታቸው ካለው ልብስ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ለቅሶ ይለብሱታል፣ ገበያ ይለብሱታል፣ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ከነጠላው ሥር ያደርጉታል። ማንም «ለምን በዕረፍት ቀን ለበስክ?» ብሏቸው አያውቅም። እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ «ስማችን ከተማውን ሲዞር ደስ ይላል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

በዚያ ሰኞ ግን ደስታ አልነበረም። እስከ ቀትር ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ስለ ልጁ ብቻ አልነበረም። «ይሄ ፋብሪካ ዱርዬ ነው እንዴ የሚቀጥረው?» የሚል ነበር። አንድ ትልቅ ደንበኛ ደወለ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

«ነገ ጠዋት እዚህ ግቢ እንዳላየው። ደብዳቤውን አዘጋጂ።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛ የሚያሰናብትባቸው ምክንያቶች አንቀጽ 27 ላይ ተዘርዝረዋል። ጠብና አምባጓሮ አለበት፤ ግን በሥራ ቦታ ሲሆን ነው። በወንጀል ጥፋተኛ መባልም አለበት፤ ግን በዚህ ምክንያት ለያዘው ሥራ ብቁ ሳይሆን ሲቀር ነው። የኛ ልጅ ጠቡ እሑድ ነው፣ ታክሲ ተራ ነው። የከሰሰውም የፈረደበትም የለም። ካርቶን ለመቁረጥ ብቁ አለመሆኑን ጥፊው አያሳይም። ይህንን ሁሉ ተናገርኩ። እውነት ለመናገር ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

«አንድ ነገር ፈልጊ» አለኝ።

ፈልጌ አገኘሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በተፈራረምነው የኅብረት ስምምነት የዲሲፕሊን ሠንጠረዥ ውስጥ «የድርጅቱን መልካም ስም ማጉደፍ» የሚል አንድ መስመር ነበር። የተጻፈው የደንበኛ ሰነድ አሳልፎ ለሚሰጥ፣ ስለ ምርታችን ሐሰት ለሚያወራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥፋት ሲሆን ቅጣቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ስንብት አደረግነው። «ከጥፋቱ ክብደት አንጻር» የሚለውን ሐረግ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ልጁ ቢሮዬ ገባ። አልተከራከረም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አጥፍቻለሁ እትዬ» አለ። «ግን እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ ዛሬ ማታ ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ነበር።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ክሊራንሱን እንዲጨርስ ወደ ንብረት ክፍል ላክሁት። ጃኬቱን መልሶ ነው የወጣው። ዝናብ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከበር ስልክ ተደወለ። ጥበቃው «ሦስት ሽማግሌዎች ሰው ሀብትን ፈልገው መጥተዋል» አለኝ። ወረድኩ። ከሦስቱ አንዱን ወዲያው አወቅኋቸው። የቪዲዮው ተራ አስከባሪ ናቸው። ያቺኑ ኮፍያ አድርገዋል፣ ታጥባለች።

ልጁ ማክሰኞ ማታ በእርግጥም ሄዶ ኖሯል። ከሰፈሩ ሁለት አባቶች ይዞ፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል እሳቸው ይዘው አነሱት። ተሳሳሙ። ቡና ተፈላ። ከቡናው በኋላ ነው ከሥራ መባረሩን የሰሙት፤ እሱ ሳይሆን አብሮት የመጣው ሽማግሌ ነገራቸው። በነጋታው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም አሉኝ።

«ልጄ፣ የመታው እኔን ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ። እናንተን ምን አደረጋችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሮጬ ወጣሁ። «ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ለሽማግሌ ብለን ደብዳቤ አንቀለብስም» አለኝ። ተመልሼ ወርጄ «ከእኔ አቅም በላይ ነው አባባ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። መርቀውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኚህ ሰው ከፈለጉ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መክሰስ ይችሉ ነበር። መብታቸው ነው። ልጁ ተከሶ ቢቀጣ፣ የፍርድ ቤት ቅጣት ልክ አለው፤ ተፈጽሞ ያበቃል። እኛ የሰጠነው ቅጣት ልክ አልነበረውም። ደመወዙን ብቻ አይደለም የወሰድነው። የሥራ ልምዱን ይዞ ሌላ ፋብሪካ ሲሄድ ስልክ ይደወልልኛል። «በምን ምክንያት ለቀቀ?» ይሉኛል። አቃቂና ገላን ውስጥ ያለን የሰው ሀብት ሠራተኞች እንተዋወቃለን፤ ቪዲዮውን ያላየ የለም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰው ዕቃ ሲያወርድ ያየው የሥራ ባልደረባው ነገረኝ። በማሽን ሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነ እጅ ነው ሶፋ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ደግፎት ከሰሰ። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ለምስክርነት ተጠራሁ። ዳኛዋ የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ ነው። ጠቡ በሥራ ሰዓት ነበር? አይደለም። በሥራ ቦታ ነበር? አይደለም። ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። ስንብቱ ሕገወጥ ተባለ። ልጁ ወደ ፋብሪካው መመለስ አልፈለገም። አዋጁ እንደሚያዘው የ180 ቀን ደመወዙና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው ተሰላለት። ድርጅቱ ስሙን አድናለሁ ብሎ ገንዘብም፣ ጥሩ ኦፕሬተርም አጣ። ቪዲዮውን ግን በዚያን ጊዜ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ሰው ሌላ ቪዲዮ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ሳነሳ ጓደኞቼ ይከራከሩኛል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ስለሆነው ይነግሩኛል። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኮልድፕሌይ በሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ድግስ ላይ ካሜራው አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚንና የኩባንያውን የሰው ሀብት ኃላፊ ተቃቅፈው አሳየ። ዓለም ሁሉ አየው። እሱ በቀናት ውስጥ ለቀቀ፤ እሷም ተከተለች። «ታዲያ እዚያም ከሥራ ውጪ አልነበረም?» ይሉኛል።

የሁለቱ ነገር ከኛ ልጅ ጋር አንድ አይመስለኝም። አለቃና የሱ የበታች መቀራረብ ራሱ የሥራ ጉዳይ ነው። ማን አደገ፣ ማን ተቀጣ፣ ማን አቤት አለ የሚለውን ሁሉ ይነካል። ዋና ሥራ አስፈጻሚ ደግሞ ከደመወዙ ከፊሉ የሚከፈለው ለፊቱ ነው። የካርቶን ኦፕሬተር ግን የሚከፈለው ለእጁ ነው። ሌላም አለ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት አሠሪ ያለ ምንም ምክንያት ሠራተኛውን ማሰናበት ይችላል። እኛ ጋ አይችልም፤ ምክንያት ያስፈልገዋል፣ ያውም በጽሑፍ። ስልካችን ላይ የምናየው የሌላ አገር ማባረር ሕጉን ይዞ አይመጣም። ልማዱ ብቻ ነው የሚመጣው።

ከሥራ ውጪ ያለ ነገር ሁሉ አሠሪን አይመለከትም እያልኩ አይደለም። በዚያው ፋብሪካ አንድ የሰርቪስ ሹፌር ነበረን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቱሉ ዲምቱ ሠራተኛ ይጭናል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲጠጣ እንደሚያመሽ ሠራተኞቹ ነገሩን፤ እኛም አጣራን። ማታው የራሱ ነው፤ ግን ማታው ጠዋት ድረስ ተከትሎት መሪ ላይ ይቀመጣል። አውቶቡሱ ላይ የሰው ልጅ አለ። ከመሪው አንስተን መጋዘን አስገባነው፤ ተቀየመኝ። ዛሬም ቢሆን ያንን ደብዳቤ እፈርማለሁ። እንደዚሁ አንድ ሰው በአደባባይ ሌላውን በብሔሩ እየሰደበ፣ «እነሱን አትቅጠሩ» እያለ ቢለጥፍና ይኸው ሰው የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ቢቀመጥ ዝም አልልም። እሱ ፊት ቀርቦ ፈተና የሚፈተነውን ልጅ አስባለሁ።

አሁን ያለሁት ሌላ ድርጅት ነው፤ ለገጣፎ አካባቢ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሽያጭ ሠራተኛችን በጓደኛዋ ልደት ላይ ስትጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ቀሚሷ አጭር ነው፣ በእጇ ብርጭቆ አለ። ሌላ ምንም የለም። ሁለት ደንበኞች «እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ታስተናግደናለች?» ብለው ደወሉ። አንዱን ጠየቅኩት፦ ወንድ ሠራተኛ ሲጨፍር ቢያዩ ይደውሉ ነበር? ስልኩን ዘጋ። ልጅቷ ቢሮዬ ስትገባ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደብዳቤ የምሰጣት መስሏታል። ውሃ ሰጠኋት። የገጠማት ነገር ካለ እንድትነግረኝ ነው የጠራኋት፤ አንዳንዱ ሰው ሱቅ ድረስ መጥቶ ሊሰድባት ይችላልና። ለሁለት ሳምንት ብቻዋን ሺፍት እንዳትገባ አደረግን። ሥራ አስኪያጃችን «ከሥራዋ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። በዚሁ አለቀ። ያኔም አቃቂ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምንም» ብል ኖሮ እላለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እህቴን ልጠይቅ ቱሉ ዲምቱ ሄጄ ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ተራ አስከባሪው እሳቸው ናቸው። አርጅተዋል። ፉጨታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩኝ።

«የፋብሪካዋ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ አባባ።»

«ያ ልጅ ተመለሰ?»

«አልተመለሰም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላዬ አንድ ወጣት ሰልፉን ጥሶ ወደ ፊት ሊያልፍ ሲል ክንዱን ቀስ አድርገው ያዙት።

«ወንድሜ» አሉት፣ «ወደ መስመርህ።»