የምደባ ደብዳቤ ደርሷችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

አሥራ አራት ዓመት አስተምሬ ነው ወደ ቢሮ የገባሁት። ከጀማሪ መምህርነት ተነስቼ ተባባሪ መሪ መምህር ደርሼ ነበር። የመምህርነቱን የደረጃ ዕድገት ትቼ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ልማት ባለሙያ ሆንኩ። ሥራውን እወደው ነበር። ጥቅምት 2014 ላይ አዲሱ መዋቅር መጣና ሁለት የሥራ መደቦች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ድልድል ተሠራ፣ ማለትም ሠራተኛው በነጥብ ተወዳድሮ በአዲሶቹ መደቦች ላይ እንደገና ተመደበ። ለኔ የደረሰኝ ደብዳቤ አምስት መስመር ብቻ ነበር። ከነበርኩበት ሁለት ደረጃ ዝቅ ወዳለ የመረጃ ሥራ ተመድቤያለሁ፣ ደመወዜ ግን አይነካም ይላል። የሥራ ቦታው አያት አካባቢ ነው። ቤቴ አየር ጤና ነው። የአዲስ አበባን ታክሲ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ተከራክሬ አሸንፌያለሁ። ግን ከስድስት ወር በታች ሊያልቅ የሚችለው ነገር ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ያን ያህል የፈጀው በአንድ ማህተም ምክንያት ነው።

ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ደብዳቤው ሲሰጣችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ፊርማ መቀበል እንጂ መስማማት አይደለም። አልፈርምም ብሎ መጣላት የሚጎዳው እናንተን ነው። ወደ ተመደባችሁበትም ሂዱ። ጓደኞቼ ሁሉ «አትሂጂ፣ ከሄድሽ ተቀበለች ይሉሻል» ሲሉኝ ነበር። እኔ ሄድኩ። «መብቴን ጠብቄ፣ ቅሬታዬ እስኪታይ ሥራ ጀምሬያለሁ» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤም አስገባሁ። ከኛ ጋር ከተመደቡት አንዱ ግን አልሄድም ብሎ ቤቱ ቀረ፣ ከሥራ ገበታው ተለይቷል ተብሎ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገባ። እሱ እስከ ዛሬ የሚከራከረው ስለ ምደባው አይደለም፣ ስለ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመዋቅሩ ገለጻ ሲሰጥ አንድ ኃላፊ «ቅር ያላችሁ በመጀመሪያ ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር በውይይት ፍቱት» ብለውን ነበር። አመንኳቸው። እባካችሁ እናንተ አትመኑ። ውይይት የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ የለም። እኔ ኃላፊዬ ቢሮ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ። ሦስቴም በአክብሮት ተቀብለውኛል፣ «ታገሺ፣ ይስተካከላል» ብለውኛል። ሦስቴም አመስግኜ ወጥቻለሁ። ከነዚያ ሦስት ቀናት አንዱም ዛሬ የለም፣ ማንም አላያቸውም፣ የትም አልተጻፉም።

የጽሑፍ ቅሬታዬን ግን በአራተኛው ቀን ጽፌ ነበር። ሁለት ገጽ ነው፣ በሁለት ኮፒ። ወደ መዝገብ ቤት ስሄድ ኮሪደሩ ላይ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውን ጸሐፊ አገኘኋቸው። የማከብራቸው ሰው ናቸው፣ ድሮ አብረን ሥልጠና ሰጥተናል። «ቲቸር፣ ምን ወረፋ ትጠብቂያለሽ፣ አምጪው እኔ አስገባዋለሁ» አሉኝ። ሁለቱንም ኮፒ ሰጠኋቸው። ገቢ አላስደረግኩም፣ ቁጥር አልያዝኩም፣ ማህተም አላስመታሁም። «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ታክሲ ያዝኩ።

ያን ኮሪደር አሁንም አስታውሰዋለሁ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አራት ሰው ነበር። አራት ሰው ብቻ! ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢወስድብኝ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም አልተናደድኩም።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። ስጠይቅ ኮሚቴው አልተሟላም፣ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ጥር ላይ ሰለቸኝና የመንግሥት ሠራተኞችን ይግባኝ ወደሚያየው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ገባሁ። ጠበቃ አልያዝኩም፣ ማመልከቻዬን ራሴ ጻፍኩ። የመሥሪያ ቤቱ መልስ ሲመጣ ስለ ድልድሉ አንድ ቃል የለበትም። ያለው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው፣ ማለትም ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገባ መዝገቡ ይዘጋ የሚል። «ይግባኝ ባይ ቅሬታዋን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አላቀረበችም።» አነበብኩት፣ እንደገና አነበብኩት። አቅርቤያለሁ ብል ማስረጃ ተባልኩ። ማስረጃዬ ምንድን ነው? ኮሪደር ላይ ለጋሼ ሰጠሁ የሚል ቃል። ጋሼ ተጠርተው «አላስታውስም» አሉ። ሚያዝያ ላይ መዝገቡ ተዘጋ። በዳኞቹ አልፈርድም፣ ፊታቸው የቀረበ ወረቀት አልነበረም።

ወደ ኮሚቴው ተመልሼ ቅሬታዬን በማህተም፣ በቁጥር፣ በቀን አስገባሁ። መልሱ በሳምንት መጣ። «የማቅረቢያ ጊዜው አልፏል።» በቃ። በአንዱ ቦታ ቶሎ መጣሽ፣ በሌላው ዘገየሽ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ አልነበረኝም። ባለቤቴ «ተይው፣ ደመወዝሽ አልተነካ» ይለኝ ነበር፣ በቅን ልቦና ነው። እኔ ግን ሁለት ደረጃ ዝቅ ማለት ይቆጠቁጠኝ ነበር። ከደረጃ ዝቅ ማድረግ በመንግሥት ሠራተኛ ሕግ የዲሲፕሊን ቅጣት ነው። ምንም ሳላጠፋ፣ ሳልከሰስ፣ ምደባ በሚል ስም እንዴት ይደርስብኛል? ይህን ለመተው አቅም አልነበረኝም።

ያዳነችኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። የኮሚቴው አባል ነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ወራት ነበር የቀራቸው። ሻይ ስንጠጣ እንደ ዋዛ «ያንቺ ጉዳይ እኮ አንዴ አጀንዳ ተይዞ ነበር፣ ከዚያ አስተላለፍነው» አሉኝ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። አጀንዳ ከተያዘ ቃለ ጉባኤ አለ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ካለ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው።

መሥሪያ ቤቱን በደብዳቤ ጠየቅኩ፣ አልሰጡኝም። «የውስጥ ሰነድ ነው» አሉ። ሰኔ ላይ ኮሚቴው ጊዜው አልፏል ባለው ውሳኔ ላይ ይግባኝ ስል፣ በማመልከቻዬ መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ቃለ ጉባኤው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ስለሚገኝ በትእዛዝ ይቅረብልኝ አልኩ። ይህን አንቀጽ አትርሱ። በእጃችሁ የሌለ ወረቀት ሁሉ የጠፋ አይደለም፣ የት እንዳለ ለይታችሁ ከተናገራችሁ ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ክርክር ይህን አላውቅም ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ያ መዝገብ ላይዘጋ ይችል ነበር።

ሦስት ቀጠሮ ወሰደ። በመጀመሪያው አላመጡም፣ በሁለተኛው የሌላ ወር ቃለ ጉባኤ አመጡ። በሦስተኛው መጣ። የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ባለ መስመር ደብተር ላይ። አጀንዳ አራት ላይ ስሜ አለ፣ ከነአባቴ። «የቀረበው ቅሬታ ተጨማሪ መረጃ ስለሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ተላልፏል።» ቀኑ ቅሬታዬን በሰጠሁ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሥር ከአምስቱ ፊርማዎች አንዱ የጋሼ ነው። ፊርማቸውን ስልጠና ላይ አብረን ስንፈርም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አላለቀስኩም፣ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሆነ፣ ወይም ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ለኔ ቀለለኝ። ዋናው ነገር በድልድሉ የተሰጠኝ ነጥብ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። የድልድሉ መስፈርት የትምህርት ዝግጅትን፣ የሥራ ልምድን፣ የማህደር ጥራትን (ቅጣት የሌለበት መሆኑን) እና የሁለት ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸምን አማካይ ይይዛል። የኔ አንዱ ግማሽ ዓመት 92 ነው። ሌላው ማህደሬ ውስጥ አልተያያዘምና 0 ተሞላ። አማካይ 46። በሃያ ዓመት አገልግሎቴ 46 አግኝቼ አላውቅም። የጎደለው ውጤት ግን አለቃዬ የፈረሙበት ኮፒ ቤቴ አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ነበር። እሱን አያያዝኩ፣ አለቀ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ የምትሞሉትን የአፈጻጸም ቅጽ ኮፒ ያዙ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ የግል ማህደራችሁን አስወጥታችሁ ገጽ በገጽ እዩት። ማየት መብታችሁ ነው። የማህደር ሠራተኞች ፊታቸው ይጠቁራል፣ ይጥቆር።

ስለ መመሪያው ደግሞ አንድ ነገር። ምደባው የተሠራበትን መመሪያ ስጡኝ ስል ለወራት አንከራተቱኝ። የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት መመሪያ ተመዝግቦ ቁጥር ሊያገኝና ለሕዝብ ይፋ ሊሆን ይገባል፣ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ መመሪያ ካሳዩአችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ሳቀርብ ነው የነጥቡ ወረቀት በሁለት ቀን እጄ የገባው።

የቅሬታና የይግባኝ ማቅረቢያ ቀን ገደብን በተመለከተ ጓደኛ አትጠይቁ። እኔን አምስት ሰው አምስት ዓይነት ቀን ነግሮኛል። የኔ ጉዳይ የታየው በከተማው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 56/2010 ነው። ፌደራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ የናንተ ሌላ ነው፣ እዚያም 1064/2010 በ1353/2017 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። የናንተን አዋጅ ራሳችሁ አውጥታችሁ አንብቡ፣ የሥራ ቀን ይሁን የካላንደር ቀን ለዩ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ውሳኔው ሚያዝያ 2015 መጣ። ድልድሉ በትክክለኛው ነጥብ እንደገና ይሠራ፣ ወደ ቀድሞ ደረጃዬም ልመለስ ተባለ። ለማስፈጸም ደግሞ አራት ወር ፈጀ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄድኩ። ነጥቡ ሲስተካከል አንደኛ ወጣሁ። በኩራት እናገረዋለሁ፣ ሠርቼ ያገኘሁት ነው።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ማመልከቻዬ ላይ ከኔ ጋር የተወዳደረውን ባልደረባዬን ስሙን ጽፌ፣ ነጥቡን ከነጥቤ ጎን አስቀምጬ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ሠርተናል፣ ልጁ ክርስትና ላይ ተገኝቻለሁ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ የሰጡትን ቦታ ነው የተቀበለው። ድልድሉ ሲታረም እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተመደበ። «በድልድሉ የተመረጠው ተወዳዳሪ» ብል ይበቃ ነበር፣ ነጥቡን ለማስላት ስሙ አያስፈልግም ነበር። ዕቃውን ሊወስድ የመጣ ቀን በሩ ላይ ጠብቄ እኔ የከሰስኩት መሥሪያ ቤቱን እንጂ አንተን አይደለም አልኩት። ካርቶኑን መሬት አስቀመጠና «ክሱ ላይ ግን የተነበበው የኔ ስም ነው» አለኝ። እስካሁን ሰላም አንባባልም።